አውድማው በማን ደጅ ነበር

በ1956 ክረምታችን ሊወጣ ሲል (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ) ኤርኮሌ ባልዲኒ የሚባል የ23 ዓመት ጣሊያናዊ ኮፐንሃገን ላይ በትራክ ብስክሌት የዓለም አማተር ሻምፒዮን ሆነ። ወር ሳይሞላው ሚላን ወደሚገኘው ቪጎሬሊ ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ) ገባና በአንድ ሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ከ394 ሜትር ነድቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ወሰደ። ክብረ ወሰኑ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በፈረንሳዊው ዣክ አንክቲል የተያዘ ነበር። ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ደግሞ ሜልቦርን ላይ ለኦሊምፒክ የመንገድ ውድድር ተሰለፈ። ቀኑ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ነበር። በዚያው መነሻ ላይ አራት ኢትዮጵያውያን ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና መንግሥቱ ንጉሤ።

አምስቱም የተነሡት ከአንድ መስመር ነው፤ የመጡበት ቤት ግን ለየቅል ነው። የእኛዎቹ መንገድ ላይ ያደጉ ናቸው። ባልዲኒ መንገዱንም ያውቃል፣ ከጀርባው ግን በዚያ ዘመን ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው አንድ ተቋም ነበረ፤ የትራክ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ይሉታል። ያ ተቋም እንዴት እንደተሠራና ለምን የጥቂት ከተሞች ንብረት ሆኖ እንደቆየ ካልታወቀ፣ የነገረመው ውጤት ምን ያህል እንደሚመዝን አይታወቅም።

መጀመሪያ ሜዳውን እንየው። ምሥራቅ ጎጃም ቁይ ላይ፣ ወይም በየትኛውም የደባይ ጥላትግን ቀበሌ፣ ጥር ላይ ጤፍ ሲወቃ ያየ ሰው የቬሎድሮምን ሐሳብ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው፤ ተለቅልቆ የተዘጋጀ አውድማ፣ በላዩ የሚዞሩ በሬዎች፣ ዙሪያውን የቆመ ሰው። ቬሎድሮም እንደዚያው የሚዞሩበት ሜዳ ሆኖ ቅርጹ ሞላላ ነው፤ የአንዱ ዙር ርዝመት እንደየሜዳው ይለያያል፣ ወለሉም እንጨት ወይም ሲሚንቶ ነው። ልዩነቱ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው። ቀጥታው ላይ ለጥ ብሎ የሄደው ወለል መታጠፊያው ሲደርስ ወደ ጎን እየተነሣ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በቪጎሬሊ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በእግሩ የወጣበት ሰው ይንሸራተታል። ብስክሌተኛውን እዚያ ላይ የሚያቆመው በአብዛኛው ፍጥነቱ ነው።

ብስክሌቱም የተለየ ነው። ፍሬን የለውም፣ ማርሽ አይቀያየርም፣ ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ጋር በካቴና ታስሮ ስለሚዞር ጎማው እስከዞረ ድረስ እግር ማረፍ አይችልም። እኛ አገር በሰዓት በሚከራይ አሮጌ ፊኒክስ የተማረ ልጅ ፍሬን በሌለው ብስክሌት አይደነግጥም፤ ገና ቁመቱ ሳይደርስ እግሩን በብረቱ ሥር አሾልኮ እየነዳ፣ ቁልቁለት ሲመጣ የጫማውን ሶል ከጎማው ላይ ተጭኖ ማቆምን ለምዷል። ግን የእሱ ፍሬን የጠፋው በእርጅና ነው። የቬሎድሮሙ ብስክሌት ሲፈጠር ጀምሮ ፍሬን የለውም፤ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ አቅጣጫ ይዞ በሚዞርበት ሜዳ ከፊት ያለው ሰው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያለው ሁሉ በላዩ ላይ ይከመርበታልና።

የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተደረገው በ1893 ቺካጎ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዞች ዓለም አቀፍ የብስክሌት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ቺካጎ ላይ በአጭር ርቀት አሜሪካዊው አርተር ዚመርማን አሸነፈ። በ100 ኪሎ ሜትር ያሸነፈው ደግሞ ላውረንስ ማይንትየስ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ነጭ ነው። ስለዚህ ከአፍሪካ የሄደ ሰው ገና በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። አፍሪካዊ ለማለት ግን ያስቸግራል፤ የነጮቹ አፍሪካና የእኛ አፍሪካ በዚያ ዘመን በአንድ አይቆጠሩም ነበር። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው የ1899ኙ ነው። ከዐድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሞንትሪያል ላይ፣ ሜጀር ቴይለር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የአንድ ማይል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የገዛ አገሩ የብስክሌት ማኅበር ጥቁርን በአባልነት አልቀበልም ብሎ ደንብ ካወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዛሬ ዓለም አቀፉን ብስክሌት የሚያስተዳድረው ድርጅት የተወለደው ከጠብ ነው። እንግሊዞች በሻምፒዮናው ላይ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድና ዌልስ እያንዳንዳቸው ለብቻ እንዲሰለፉ ፈለጉ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ መንግሥት አራት ቡድን ሊያሰልፍ አይገባም አሉ። በ1900 ሚያዝያ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድና አሜሪካ ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ፤ እንግሊዝን ውጭ ትተዋት። የእንግሊዞቹ ማኅበር ብዙም ሳይቆይ ከሰመ። ሻምፒዮናውም ከዚያ ወዲህ አድራሻው አውሮፓ ሆነ፤ በ1912 ኒውአርክ ላይ ከተደረገው በቀር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከዚያ አልወጣም።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለው ጊዜ የቤልጅጉ ዬፍ ሼረንስ ዘመን ነው፤ ከ1932 እስከ 1937 ስድስት ዓመት በተከታታይ የፕሮፌሽናል ስፕሪንት (የአጭር ርቀት ውድድር) ሻምፒዮን ሆነ። የ1939ኙ ሻምፒዮና ሚላን ላይ እየተካሄደ ሳለ ሂትለር ፖላንድን ወረረ። ውድድሩ ሳያልቅ ተበተነ።

ጦርነቱ ቬሎድሮሞቹን ራሳቸውን ወደ ሌላ ነገር ለወጣቸው። ፓሪስ ውስጥ ቬሎድሮም ዲቨር የሚባል ጣሪያ ያለው የክረምት ሜዳ ነበረ። በሐምሌ 1942 የፈረንሳይ ፖሊስ በፓሪስና በአካባቢዋ ከ13 ሺህ የሚበልጡ አይሁዶችን አፍሶ፣ 8 ሺህ ያህሉን፣ አብዛኛው ሕፃን የያዘ ቤተሰብ፣ እዚያ ሜዳ ውስጥ ዘጋባቸው። ለቀናት ያለ በቂ ውኃና ምግብ ከቆዩ በኋላ ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ የአየር ድብደባ በሚፈራባት ሚላን ቪጎሬሊ ገብቶ የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ዘመተና ቱኒዚያ ላይ ተማረከ። ስለ ትራክ ብስክሌት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ኮፒን በሰፊው ያነሣሉ፣ ቬሎድሮም ዲቨርን በአንድ መስመር ያልፋሉ። ሁለቱም የአንድ ተቋም ታሪክ ስለሆኑ እኔ ለይቼ አላያቸውም።

ሰላም ሲወርድ ሻምፒዮናው በ1946 ከጦርነቱ ውጭ በቆየችው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ላይ እንደገና ተጀመረ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመታት ናቸው የተቋሙ ወርቃማ ዘመን የሚባሉት። በ1947 ፓሪስ ላይ ሼረንስ በ38 ዓመቱ ተመልሶ ሰባተኛውን ድሉን አገኘ። በዚያው ውድድር ሬጅ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ በአማተሩ ስፕሪንት አሸነፈ፤ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ታንክ ሲነዳ ቆስሎ ከሠራዊቱ የተሰናበተ ሰው ነው። ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ በ1949፣ በ1950፣ በ1951 እና በ1954 ሻምፒዮን ሆነ፣ ፊቱም የራሌይ ብስክሌት ማስታወቂያ ላይ ወጣ። በ54 ዓመቱ እንደገና ወደ ሜዳ ገብቶ የእንግሊዝ ሻምፒዮን እንደሆነ ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ፤ ግን ሆኗል፣ በ1974። ኮፒም ከምርኮ ተመልሶ በ1947 እና በ1949 የማሳደድ ውድድሩን ወሰደ። መካከል ላይ በ1948 አምስተርዳም ሆላንዳዊው ኼሪት ስኹልተ በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸንፎታል።

ውድድሮቹ በዚያ ዘመን አምስት ብቻ ነበሩ። አማተሮች ስፕሪንትና ማሳደድ፤ ፕሮፌሽናሎች ስፕሪንት፣ ማሳደድና በሞተር የሚመራ ረጅም ውድድር። ማሳደዱ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ከሜዳው ሁለት ተቃራኒ ጎን ይነሣል፣ ያኔ አማተሩ 4 ኪሎ ሜትር፣ ፕሮፌሽናሉ 5 ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር፣ አንዱ ሌላውን ከደረሰበት እዚያው ያበቃል፣ ካልደረሰበት በሰዓት ይለያያሉ። ማታለል የለበትም። ባልዲኒ ኮፐንሃገን ላይ ያሸነፈው ይህን ነው።

ስፕሪንቱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ለማያውቀው ቀልድ ይመስለዋል። ርቀቱ በዚያ ዘመን 1000 ሜትር ነበር፤ ሰዓት የሚያዘው በመጨረሻው 200 ሜትር ብቻ ነው። ፊት የሚሄድ ሰው ንፋሱን ይከፍላል፣ ኋላውንም አያይም። ከኋላ ያለው ተጠልሎ ይሄድና በመጨረሻ ይወረወራል። ስለዚህ ፊት መሆን የሚፈልግ የለም። ሁለቱ እየተያዩ፣ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሄደው ጨርሶ ይቆማሉ፤ በዚያ ተዳፋት ላይ፣ እግራቸው ከፔዳሉ ሳይወርድ፣ የፊት ጎማቸውን ወደ ላይኛው ወገን ጠምዝዘው ሚዛናቸውን እየጠበቁ። ሰዉ ያፏጫል፣ ይሳደባል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል። የመጀመሪያው የሚንቀሳቀሰው ተሸናፊ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በዚያ ዘመን ደቂቃዎች ያልፉ ነበር። ከዚያ አንዱ ዓይኑን ሲነቅል፣ ወይም የነቀለ ሲመስለው፣ ሌላው ከተዳፋቱ አናት ቁልቁል ይወረወራል። የቀረው ከአሥራ ሁለት ሰኮንድ አይበልጥም። የዚህ ጥበብ ጌታ ሚላናዊው አንቶኒዮ ማስፔስ ነው። ከ1955 እስከ 1964 ሰባት ጊዜ አሸንፏል፣ ኮፐንሃገን ላይም ያሸነፈው እሱ ነው።

ስለ ሞተሩ ውድድርም አንድ ቃል። ቆዳ ልብስ የለበሰ ሰው ትልቅ ሞተር ሳይክል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወገቡን ያላጎበጠው ነፋስ እንዲከልል ነው። ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከር ብረት አለ፤ ብስክሌተኛው የፊት ጎማውን እዚያ ብረት ጥግ አስጠግቶ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፍ ነበር፣ ለ100 ኪሎ ሜትር። በ1956 ይህን ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ግራሃም ፍሬንች ነው።

አውስትራሊያዊ መሆኑን ልብ በሉ። ሲድ ፓተርሰንም ነበረ፤ ከ1949 እስከ 1953 አራት የዓለም ድል ያገኘ፣ እሱም አውስትራሊያዊ። ሩቅ አገር የተወለደ ሰው ማሸነፍ አልተከለከለም። ግን ለማሸነፍ አውሮፓ ሄዶ መኖር ነበረበት፣ ምክንያቱም ከ1946 እስከ 1963 የተደረጉት 18 ሻምፒዮናዎች የተዞሩት በዋናነት በስምንት ከተሞች ውስጥ ነው፦ ዙሪክ፣ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ ኮፐንሃገን፣ ሊዬዥ፣ ሚላን፣ ኮሎኝና ላይፕሲግ። ስምንቱም ሜዳው ያላቸው ናቸው። ሜዳው ደግሞ ሻምፒዮና ሲመጣ ተሠርቶ ሲያልፍ የሚፈርስ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ትኬት እየሸጠ ካልሠራ እንጨቱን እንኳ መጠገን አይችልም። በክረምት የስድስት ቀን ውድድር፣ በበጋ የእሑድ ግጥሚያ፣ ማስታወቂያ፣ ቢራ። ከተማው ሀብታም፣ ሰዉ ብስክሌት የሚነዳ፣ ነጋዴው ሜዳውን የሚፈልግ መሆን አለበት። የዓለም ሻምፒዮና የሚባለው ነገር አካሉ እነዚህ ስምንት ሕንፃዎች ነበሩ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በእኛ በኩል ብስክሌት በስፖርትነት የጠነከረው አስመራ ነው። ጣሊያኖች ይዘውት መጡ፣ በፋሺስቱ ዘመንም ውድድሩን በዘር ለይተው ለራሳቸው አደረጉት። በ1939 አንድ ጊዜ ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን አሸነፈ። በ1946፣ ዙሪክ ላይ የዓለም ሻምፒዮናው በተመለሰበት ዓመት፣ የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። ያም የመንገድ ነው፤ ዳገት፣ አቧራና ቁልቁለት። ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ኮሚቴዋ በ1954 ዕውቅና ሲያገኝና ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹን 12 ስፖርተኞች ሜልቦርን ስትልክ፣ ከአትሌቲክሱ ሌላ የላከችው ብስክሌትን ነበር።

ውድድሩ ብሮድሜዶስ በሚባል የከተማው ዳርቻ፣ 17 ኪሎ ሜትር ዙር 11 ጊዜ ሲሆን ጠቅላላው 187 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። አነሣሱ ዘገየ፤ ሦስት አየርላንዳውያን ሳይመዘገቡ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ተቀላቅለው ተገኙና እስኪወጡ ሁሉም ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ባልዲኒ ብቻውን ወጥቶ ሄደ። ሁለተኛ የገባው ፈረንሳዊ ሁለት ደቂቃ ያህል ተበልጧል። ፈረንሳይና እንግሊዝ የፊልም መኪና ከፊቱ እየሄደ ንፋስ ከልሎለታል ብለው አቤት አሉ፣ አልተሰማላቸውም። እኔ ግን ንፋስ የከለለለት ቪጎሬሊ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ሰዓት ከ46 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ነድቶ የመጣ ሰው፣ አንድ ዓይነት ኃይል ሳይቀንስ ሳይጨምር ለረጅም ጊዜ ማውጣትን ሜዳው አስተምሮታል። ይህ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት መንገድ ላይ ብቻ ተነድቶ የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

ገረመው ደንቦባ 24ኛ ገባ። በቡድን ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። ቬሎድሮም ካላቸው አገሮች አንዳንዶቹን ኋላ ትቶ መሄድ ማለት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፉበት ኦሊምፒክ። በ1960 ሮም ላይም ገረመው ነበረ፤ ሮም ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ከተማ ሆነና ብስክሌቱ ተረሳ። ቶኪዮ ላይ በ1964 ሌሎች ተተኩ፣ የማነ ነጋሲና ፍስሐጽዮን ገብረየሱስን የመሳሰሉ። ስማቸው የሚነሣው በመንገዱ ውድድር ነው።

ይህ አገር ለመንገድ ብስክሌት የሚሆን ዳገት አላጣም። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ቁይ ላይ ብዙ ነው፤ አውቶብስ እንኳ እያቃሰተ የሚወጣው ነው። ለመንገድ ተወዳዳሪ ከዚህ የከበደ ትምህርት ቤት አይገኝም። በትራክ ስፕሪንት ላይ ሚዛን ጠብቆ መቆምን ግን አያስተምርም።

የስምንቱ ከተሞች ዘመን ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1958 ፓሪስ ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በሻምፒዮናው ገቡ፣ ሁለቱንም ውድድር ሶቪየቶች ወሰዱ፤ ከዚያ ለጥቂት ዓመታት የማሳደዱ ንግሥት እንግሊዛዊቷ ቤሪል በርተን ሆነች። በ1959 ቬሎድሮም ዲቨር ፈረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮፒ ለውድድርና ለአደን የዛሬይቱ ቡርኪና ፋሶ ሄደ፣ ወባ ይዞት ተመለሰ፣ በጥር 1960 ሞተ። ቴሌቪዥንና መኪና የእሑዱን ሰው ከሜዳው ወሰዱት። በ1968 የአማተሮቹ ሻምፒዮና ሞንቴቪዲዮ ላይ ተደርጎ ከ1912 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ወጣ። አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለው ክፍፍል በ1993 ተነሣ። ለ1960 ኦሊምፒክ ሮም ላይ የተሠራውና ገረመው በነበረበት ከተማ ውስጥ የቆመው ቬሎድሮም ለብዙ ዓመታት ባዶውን ከርሞ በ2008 በፈንጂ ፈረሰ።

አፍሪካ ውስጥ ካይሮና አቡጃ ቬሎድሮም ሠርተዋል። የመንገዱ የዓለም ሻምፒዮና በመስከረም 2025 ኪጋሊ ላይ ሲደረግ አህጉሩ የመጀመሪያውን አስተናገደ፤ ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ከነዳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የትራኩ የአዋቂዎች ሻምፒዮና ግን እስከ ዛሬ አፍሪካን አልረገጠም።

እኛ ዘንድ ይሠራ ቢባል የት? ጓደኞቼ ደብረ ማርቆስ ይላሉ፣ ከፍታው ከ2400 ሜትር ስለሚበልጥ፤ አየሩ ሲሳሳ ብስክሌተኛውን የሚገታው ነገር ይቀንሳል። ቤልጅጉ ኤዲ ሜርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የነዳው ለዚህ ነው። እኔ ግን ባሕር ዳር እላለሁ። ሜዳ ናት፣ ሰዉ ድሮም ብስክሌት ይነዳል፣ የእሑዱን ትኬት የሚገዛ ሰው እዚያ አለ። ከፍታዋም 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ ቪክቶር ካምፔናርትስ በ2019 የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ወደ 55 ኪሎ ሜትር ከ89 ሜትር ያደረሰባት የሜክሲኮዋ አጓስካሊዬንቴስ ከዚያ ብዙም አትበልጥም። ለከፍታው ብለው ለሚከራከሩኝ ግን አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ፦ ፊሊፖ ጋና በ2022 56 ኪሎ ሜትር ከ792 ሜትር የነዳው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ 450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጣሪያና ማሞቂያ ባለው አዲስ ቬሎድሮም ውስጥ ነው።